ጥላ የሌለው ድልድይ

«ድልድዩን አሁኑኑ አንሺው!»

ሰውየው በሬን አንኳኩተው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነበር። ደህና አደርሽ የለ... እግርሽ እንዴት ነው የለ...

«ምን ቆርጦኝ አነሳዋለሁ ጋሼ? ሰው እየተሻገረበት!»

«እሱ ነው እኮ ያስፈራኝ! ሰው ሊሻገርበት ነው!»

«ይሻገርበት እንጂ! ለዚያ አይደል እንዴ ያስቀመጥኩት? እርስዎም ትናንት ተሻግረውበታል። ጉልበትዎ ሲንቀጠቀጥ በመስኮት አይቼዎታለሁ።»



ፊታቸውን ሳየው ነው የገባኝ። እኔ የማወራው የግቢያችን በር ላይ ውሃ ሲያቁር ስላስቀመጥኩት ጣውላ ነው። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ሌላ ድልድይ ነው...

ሐሙስ ዕለት በእጄ ካርታ ላይ ስላሰመርኩት።

ይሄ የሆነው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የሌሊቱ ዝናብ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ በረንዳው ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበት። አስፈሪ ነገር የሚመጣው ሲጨልም ብቻ ነው ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል።

አውቃለሁ፣ አሁን ትራሳችሁን አመቻችታችሁ «ደግሞ ይቺ ምን ልትፈጥር ነው» እያላችሁ ነው። መፍጠር ብችልማ የሰው ሱሪ ሳሳጥር አልኖርም ነበር። የምጽፍላችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው። በዚህ ክረምት ከደረጃ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረና ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሬ ቁጭ አልኩ። የእኔ ማሽን ደግሞ የእግር ነው። ያለ እግር ግዑዝ ነው።

በሬ ላይ የቆሙት ሰውዬ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲለኩ ኖረው፣ አሁን የሚለካ መሬት ቢያጡ የእኛ ጫማ ከበራችን ስንት እንደሚርቅ ይለካሉ። ማስመሪያቸው ከሸሚዝ ኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም። ሕንፃው በሙሉ «ሴንቲሜትር» ነው የሚላቸው። ያውቃሉ። የሚከፋቸው መቀለዳችን ሳይሆን ማነሱ ነው።

«ቢያንስ ሜትር አትሉኝም?» ይላሉ።

እግሬ ታስሮ ከጎረቤት ጋር ነገር መፈለግ ስጀምር፣ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው መጡ።

«ይሄ ሥራ እግር አይፈልግም» አሉኝ። «ዓይንና ጣት ብቻ።»

ሥራው እንዲህ ነው። የሆነ ሩቅ ቦታ ጎርፍ ይመጣል። ቦታው የረባ ካርታ የለውም። ከየቦታው የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች፣ እንደ እኔ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ከላይ በአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ እያዩ ቤቱን ይከባሉ፤ መንገዱን ያሰምራሉ። ዕርዳታ የሚያደርሱት ሰዎች ካርታውን ስልካቸው ላይ ጭነው በዚያ ይሄዳሉ። ክፍያ የለውም። ምስጋናውም እንደ ክፍያው ነው።

ወደድኩት። ጨርቅ ላይ በጠመኔ ማስመር ማለት ነው። ስፌት ብቻ ነው የጎደለው።

ሴንቲሜትር ሁለት ሕግ ሰጡኝ።

«አንደኛ፣ የፎቶውን ቀን እዪ። ይሄ የምትሠሪበት ፎቶ የስድስት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አይታይሽም። የፈረሰውም ቆሞ ነው የሚታይሽ።»

«እሺ።»

«ሁለተኛ፣ ጥላ ፈልጊ። ከላይ ስታዪው ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው። ጣሪያውን ከምንጣፍ የምትለዪው በጥላው ነው። የቆመ ነገር ሁሉ ጥላ አለው።»

«ጥላ ከሌለውስ?»

«ከሌለው አልቆመማ!» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ያኔ ያስቅ ነበር...

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ።

ታናሼ ነው። እናታችን ስትሞት አምስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ዛሬ ሚስት አግብቶ፣ ሪዝ አውጥቶ፣ የዕርዳታ ድርጅት የጭነት መኪና ይነዳል። እኔ ቤት ሲመጣ ግን አሁንም «እጅህን ታጠብ» ነው የምለው። እሱም አሁንም «እታለም» ነው የሚለኝ።

ከሦስት ወር በፊት የመኪናውን ሸራ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ሸራ። ሰማያዊው ስላልበቃኝ ከኋላ በኩል አንዱ ጥግ ላይ ቀይ እራፊ ጣፍኩበት። ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ።

«እታለም፣ መኪናዬ ምላሷን አወጣች እኮ!» ብሎ ሲስቅብኝ ከረመ።

«አናቱ ላይ ነው ያለው። ወፍ ካልሆነ ማን ያየዋል?» አልኩት።

ወፍ ካልሆነ...

ጎርፉ የመጣበትን አካባቢ ካርታ እኔ ሳሰምር፣ ወደዚያው መድኃኒት ጭኖ እንዲሄድ የታዘዘው እሱ ሆነ። መንደሯ ወንዝ ማዶ ናት። አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አለቻት፤ አንዲት ነርስ አለቻት። መድኃኒት ካለቀ ቀናት ተቆጥረዋል።

እና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ... ድልድዩን አገኘሁት።

ወንዙ ፎቶው ላይ ቡናማ ጥብጣብ ይመስላል። መንገዱ እስከ ዳሩ ይመጣል። ከዚያ ቀጭን ግራጫ መስመር ወንዙን ያቋርጥና ማዶ ካለው መንገድ ጋር ይገጥማል። ድልድይ! ማንም ያላሰመረው ድልድይ!

አጉልቼ ሳየው ላዩ ላይ ነጠብጣቦች ነበሩ። ሰዎች ናቸው። ቆጠርኳቸው። ሰባት። መሃሉ ላይ፣ ጎን ለጎን።

አንዳቸውም ግን የሚሄዱ አይመስሉም ነበር። ተሰልፈው የቆሙ ነው የሚመስሉት።

አሰመርኩት። ላኩት።

ጥላ አልፈለግኩም። ምን ልዋሻችሁ... ቸኩዬ ነበር። ለወንድሜ መንገድ ላሳጥርለት ነበር የቸኮልኩት።

ዓርብ ማታ ደወለ።

«እታለም፣ ካርታሽን ስልኬ ላይ ጫንኩት። ከመገንጠያው ጀምሮ ዞሮ ሲኬድ ስድስት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በአንቺ ድልድይ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል!»

«አየህ?»

«ገበያ ደርሳ ስትመለስ መንገድ የሚጠፋት ሴትዮ እኔን ልትመራኝ!»

«ዝም ብለህ ተመራ» አልኩት።

ያልኩት ይሄንን ነው። ዝም ብለህ ተመራ።

አሁን ወደ ቅዳሜ ጠዋት ልመልሳችሁ።

ሴንቲሜትር ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በመቀሱና በክሩ መሃል አስቀመጡት። በበጎ ፈቃደኞቹ ቡድን ውስጥ መልእክት ገብቷል። የጻፈችው የዚያች መንደር ነርስ ናት፣ በክሊኒኳ የሳተላይት መስመር።

«እዚህ ድልድይ የለም። ማን ነው ያስቀመጠው? ሰው ሳይሞት አንሱት።»

መቀሱን ገፋ አድርጌ ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ፎቶው አሮጌ ስለሆነ ነው» አሉ ሴንቲሜትር። «ያኔ ነበረ፤ ከዚያ ፈረሰ። በዚህ ሥራ ያለ ነገር ነው። አጥፊው።»

አጠፋሁት። ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው። ድልድይ ለማጥፋት ቁልፍ ከመተርተር ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው።

«በቃ?» አልኳቸው።

ስክሪኑን ትተው ስልኬን ያያሉ።

«ጋሼ... በቃ ወይ?»

«ከአሁን በኋላ ለሚጭን ሰው በቃ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትናንት የጫነ ግን የትናንቱን ነው የያዘው። ኔትወርክ ካላገኘ አይታደስለትም።»

ስልኬን አነሳሁ። ደወልኩ። ዝግ ነው። ደወልኩ። ዝግ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ።

የድርጅቱ ስምሪት ክፍል ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳችው።

«መኪናው ጎህ ሲቀድ ወጥቷል» አለችኝ። «ከመገንጠያው በኋላ ስልክ አይሠራም።»

«ሌላ መኪና ይከተለው! ድልድዩ የለም በሉት!»

«የትኛው ድልድይ?»

«የእኔ! እኔ ያስቀመጥኩት!»



«እናቴ... መሐንዲስ ነዎት?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«እሺ» አለች። የታመመ ሰው ሲያባብሉ በሚወጣ ድምፅ። «ለአለቃዬ እነግራለሁ።»

ዘጋችው።

ለራሴ «ዓይን አለው፤ ድልድይ ከሌለ ያያል፤ ይቆማል» አልኩ። ደግሞ መልሼ... ጎርፍ ነው። መንገዱም ወንዙም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ሹፌር እንዲህ ባለ ቀን ምን አይቶ ይነዳል? ስልኩ ላይ ያለችውን መስመር። የእህቱን መስመር።

ሴንቲሜትር ለነርሷ እየጻፉ ነበር።

«ድልድዩ መቼ ነው የፈረሰው?»

መልሱ ወዲያው መጣ።

«ዘጠኝ ዓመቱ። ሰባት ሰው ይዞ ነው የወረደው። ለምን ትጠይ»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ነርሷ አልጻፈችም።

እኔና ሴንቲሜትር ተያየን።

«ጋሼ» አልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በሹክሹክታ ነበር። «ፎቶው የስንት ዓመት ነው ያሉኝ?»

የፎቶውን ቀን ከፍተው አዩት። እንደገና አዩት። በጣታቸው ቆጠሩ... እኚህ አገር የለኩ ሰውዬ፣ በጣታቸው።

ስድስት።

ድልድዩ ከወደቀ ዘጠኝ። ፎቶው ከተነሳ ስድስት።

«የቀን ስህተት ይኖራል» አሉ። ድምፃቸው ግን ለራሳቸውም የደረሰ አልመሰለኝም።

ፎቶውን አጎላሁት።

ያሰመርኩት መስመር ጠፍቷል። ድልድዩ ግን ፎቶው ውስጥ አለ። ግራጫ። ቀጥ ያለ።

አሁን ጥላ ፈለግኩ...

ዛፎቹ ጥላ አላቸው፤ ሁሉም ወደ ግራ ወድቋል። የክሊኒኳ ጣሪያ ጥላ አለው። የመብራት ምሰሶው እንኳ እንደ ክር የቀጠነ ጥላ አለው።

ድልድዩ የለውም።

ሥሩ ያለው ውሃ ዳር እስከ ዳር ያበራል። ምንም እንዳልጋረደው።

«ሰዎቹ» አሉ ሴንቲሜትር በሹክሹክታ። «ሐሙስ ዕለት የት ነበሩ?»

«መሃል ላይ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆጥሬያቸዋለሁ እኮ።»

አሁን መሃል ላይ አይደሉም። ወደዚህኛው ጫፍ መጥተዋል። ሰባቱም። እንግዳ ሊቀበል በር ላይ እንደወጣ ቤተሰብ።

አንዳቸውም ጥላ የላቸውም።

«ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት። ግን ወንድሜን ትቼ እንዴት ልዝጋ? መልሼ ከፈትኩት።

መንገዱ ላይ አንድ ሰማያዊ ነገር ነበር።

ቅድም አልነበረም። እማላችኋለሁ፣ ቅድም አልነበረም። አራት ማዕዘን፣ እንደ ክብሪት ቀፎ። አጎላሁት... አጎላሁት... ከኋላ በኩል፣ አንዱ ጥግ ላይ...

ቀይ። ረዘም ያለ። ጫፉ የሾለ።

እጄ ወደ አፌ ሄደ።

«ምንድን ነው?» አሉ ሴንቲሜትር።

«የእኔ እራፊ ነው።»

«የምን እራፊ?»

«ከሦስት ወር በፊት የጣፍኩት።»

የስድስት ዓመት ፎቶ ላይ። የወንድሜ መኪና። ምላሷን አውጥታ።

ሴንቲሜትር ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከሸሚዝ ኪሳቸው ማስመሪያቸውን አወጡና ስክሪኑ ላይ አስደገፉት፤ ከመኪናው አፍንጫ እስከ ድልድዩ ጫፍ። ቢጠየቁ ለምን እንደለኩ የሚያውቁ አይመስለኝም። እሳቸው ሲፈሩም የሚችሉት መለካት ነው።

«ሦስት ሴንቲሜትር።»

«ጥላ አለው» አልኩ። «እዩት ጋሼ፣ መኪናው ጥላ አለው።» የሆነ ነገር እንዳሸነፍኩ ነው የነገርኳቸው።

ዘግቼ ከፈትኩት።

«ሁለት ተኩል» አሉ።

ደወልኩ። ዝግ ነው።

ካርታው ላይ መንገዱን ቆረጥኩት። ጨርቅ እንደሚቆረጥ፣ ከድልድዩ በፊት ያለውን ክፍል በሙሉ አነሳሁት። «ዝግ ነው» የሚል ምልክት አደረግኩበት። አንዱ አልበቃ ብሎኝ ሦስት ደረደርኩ። ማን ሊያየው? የእሱ ስልክ ውስጥ ያለው የትናንቱ ነው። የትናንቷ እኔ ደግሞ «ተመራ» ብላዋለች።

ዘግቼ ከፈትኩት።

«አንድ ተኩል።»

በመስኮት የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። አንዱ ደረጃው ላይ ባልዲ ይጎትታል። ግቢው በር ላይ ሰዎች ጣውላዬ ላይ ይሻገራሉ፤ ኳ... ኳ... ኳ...

ጣቴን መኪናው ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ገፋሁት። ታምኑኛላችሁ? የአርባ ስምንት ዓመት ሴትዮ፣ መስታወት ላይ በጣቷ መኪና ስትገፋ። ሴንቲሜትር አይተውኛል። አልሳቁም።

ዘግቼ ከፈትኩት።

«ግማሽ» አሉ። ከዚያ «አትክፈቺው። በእናትሽ፣ በቃ።»

«ወንድሜ ነው።»

«ማየትሽ ምን ያደርግለታል?»

እግሬ ከዳነ ቆይቷል፤ ማሽኑ ላይ ግን ያን ጊዜ ያለበስኩትን ጨርቅ እስከ ዛሬ አልገለጥኩም። የማስበው ይቺን ጥያቄ ነው።

ከፈትኩት።

ሴንቲሜትር ማስመሪያውን አስደገፉት። ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አነሱት።

የሚለካ ነገር አልነበረም።

መኪናው ድልድዩ ላይ ነው። ሰማያዊው ሸራ አለ። ቀዩ እራፊ አለ። ሰባቱ ነጠብጣቦች ዙሪያውን ቆመዋል።

ጥላው ግን የለም።

ስልኬ ጮኸ።

ሁለታችንም ዘለልን። ስሙ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ጠዋቱን ሙሉ ዝግ የነበረው ስልክ።

«እታለም!»

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ጎኔ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ሞተር የለ፣ ነፋስ የለ፣ ዝናብ የለ...

«የት ነህ?» አልኩ።

«ድልድይሽ ላይ። ጎበዝ ነሽ ባክሽ! እኔ እኮ አላመንኩሽም ነበር።»

«ሞተሩ አይሰማኝም።»

«አጠፋሁት። ሰዎቹ አጥፋ አሉኝ፣ በእጃቸው። ወርጄ ነው የማወራሽ።»

«የምን ሰዎች?»

«እዚህ የቆሙ። ጨዋዎች ናቸው። አያወሩም እንጂ...»

«ስንት ናቸው?»

«ምን ያስቆጥርሻል? ሰባት መሰሉኝ። እኔን ሳይጨምር።»

ሴንቲሜትር ክንዴን ያዙኝ። ጣታቸው በረዶ ነበር። «ውሃው ይሰማው እንደሆነ ጠይቂው» አሉ በሹክሹክታ።

«የወንዙ ድምፅ ይሰማሃል?»

የሚያዳምጥ መሰለኝ።

«አይ... እሱ ነው የገረመኝ። ከሥሬ እየሮጠ አየዋለሁ። ድምፅ ግን የለውም።»

«ስማኝ። እጅህን ታጠብ ስልህ እንደምትሰማኝ ስማኝ። መኪናውን ተወው። ዙርና በመጣህበት ሩጥ።»

«ምን ሆነሻል እታለም?»

«ሩጥ አልኩህ!»

«መድኃኒቱስ?»

«እዚያ ድልድይ የለም!» ጮህኩ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። «ከወደቀ ዘጠኝ ዓመቱ ነው! እዚያ ምንም የለም!»



ከዚያ ያቺ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቃት፣ በአፍንጫው የምትወጣ ሳቁ ተሰማችኝ።

«ታዲያ አሁን ምን ላይ ቆሜ ነው የማወራሽ?»